የልብ መድኃኒቱ ሲያዞር፣ ሲያሳብጥ፣ ልብ ሲያስመታ

አዳማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። «ልጄ፣ ይሄ ክኒን አልተስማማኝም፣ ተውኩት» የሚሉኝ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። እነዚህ የልብና የደም ግፊት ክኒኖች የደም ስርን ያሰፋሉ። በሞተር ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ይገባዋል፤ ቱቦው ሲጠብ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ሲሰፋ ይቀለዋል። ልብም እንደዚያው ነው። የሚያስቸግራችሁም በአብዛኛው ከዚሁ መስፋት የሚመጣ ነው፣ ደግሞም መላ አለው።

ስትነሱ ያዞራችኋል?
ስሩ ስለሰፋ ስትቆሙ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። የአዳማ ሙቀት፣ ላቡ፣ የሚያሸና ክኒን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከአልጋ ስትነሱ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ ቁጭ በሉ። ተቀምጣችሁም ቆማችሁም ግፊታችሁን ተለኩ፣ ቁጥሩን ለሐኪማችሁ አሳዩ። ሰዓቱን ወይም መጠኑን ሊያስተካክል ይችላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ላቡን ለመተካት ብሎ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ውሃ አያብዛ።

ልባችሁ ድው ድው ይላል?
እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሃይድራላዚን ወይም ቶሎ የሚሠራ ኒፌዲፒን ግፊቱን በፍጥነት ሲያወርደው ሰውነት ይደነግጥና ልብን ያስሮጠዋል። በአንድ በኩል የቀለለው ሸክም በሌላ በኩል ተመልሶ ይጫናል ማለት ነው፣ የልብ ስሩ የጠበበበት ሰው ላይም የደረት ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሐኪሞች ሃይድራላዚንን ብዙ ጊዜ እንደ ሜቶፕሮሎል ካለ የልብ ምት ከሚያረጋጋ መድኃኒት ጋር የሚያዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ነጥላችሁ አታቋርጡ። ግፊት ጨመረ ብላችሁም ከጎረቤት ክኒን አትዋሱ፣ እባካችሁ።

ቁርጭምጭሚት ያብጣል?
አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ክኒን ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ይበልጥ ያሰፋዋል፣ ፈሳሹም ወደ ውጭ ይሰርጋል። ማታ ማታ በሁለቱም እግር ያብጣል፣ ተኝታችሁ ስታድሩ ይቀንሳል። የሚያሸና ክኒን ለዚህ ብዙም አይጠቅም፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ኢናላፕሪል የሚባለውን ሌላ የግፊት ክኒን መጨመር ይሻላል፣ እሱን ግን ሐኪም ይወስን። ክብደታችሁ በጥቂት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ወይም ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ልቡ ራሱ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሂዱ።

ደረቅ ሳል?
ኢናላፕሪል ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሎሳርታን በሚባል ክኒን ይተካዋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ክኒኑን አቁሙና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ራስ ያሳምማል፣ ያው ስሩ ስለሰፋ ነው። ቁጭ ብላችሁ ውሰዱት። ለወሲብ የሚወሰደውን ቪያግራ ከወሰዳችሁ 24 ሰዓት ሳይሞላ ግን በፍጹም አትንኩት፣ ግፊቱ ወርዶ ሊገድል ይችላል። ጋሼዎች ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ናይትሮግሊሰሪን ወስዳችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ደረታችሁ ካልተሻለው አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳችሁ ሰው ጥሩ።