የብዙ ሰው እጅ ያለበት ብርድ ልብስ አሠራር

ሰዎች ተሰባስበው ለአንድ ወዳጅ በእጃቸው የተሠራ ስጦታ ለመስጠት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን እንሳል?» የሚል ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተቀባዩ የት ያኖረዋል? ግድግዳ ላይ የሚሰቀልና እግር የሚሸፈንበት ነገር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መታጠብ አያስፈልገው ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ልብስ ነውና ደጋግሞ ይታጠባል። ሠሪዎቹን ብቻ አስደስቶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀር ስጦታ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉም የምመርጠው ከሥዕል ቁራጮች ተገጣጥሞ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። እያንዳንዱ በቤቱ፣ በራሱ ጊዜ ይሠራል፤ የአንዱ ሥራ የሌላውን አያበላሽም።

ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ጥጥ ይሁን። ከመቆረጡ በፊት አጥባችሁ ተኩሱት፤ ጥጥ መኮማተሩ አይቀርምና ኋላ ከሚኮማተር አስቀድሞ ቢኮማተር ይሻላል። 22 በ22 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲገባ 20 ይቀራል፤ 30 ቁራጭ አምስት በስድስት ሲደረደር 100 በ120 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ 18 በ18 የሆነ ሣጥን በእርሳስ አስምሩና «ከዚህ መስመር አትውጡ» በሉ። ካላላችሁ የአንድ ሰው ፊርማ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

በመጠን ላይ ድርድር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1987 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው፣ በኤድስ የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የሆነው ግዙፍ ብርድ ልብስ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት በስድስት ጫማ ነው። በማይተዋወቁ ሰዎች ቢሠራም ስምንት ስምንቱ እየተገጠመ 12 በ12 ጫማ የሆነ ካሬ ይወጣዋል። ልኩ ከጸና ውስጡን ለሠሪው መተው ይቻላል።

ቀለሙ በተለይ ለጨርቅ የተሠራ ይሁን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ርቆ ለሚሄድ ወዳጅ ስም የተፈረመበት ብርድ ልብስ ይሰጥ ነበር፤ ብረት ያለበት ቀለም ግን ከጊዜ ብዛት ጨርቁን ይበላል፤ በአንዳንዱ ላይ ፊርማው በነበረበት ቦታ የቀረው ቀዳዳ ነው። የእናንተን ቀለም በትርፍ ጨርቅ ላይ ሞክሩ፣ በመመሪያው መሠረት በካውያ ተኩሱ፣ እጠቡ፣ ከዚያ አከፋፍሉ። ጨርቁ እንዳይሸራተት ካርቶን ላይ በፕላስተር ተወጥሮ ቢሰጥ ለሠሪው እፎይታ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። «ፍቅር» ወይም «ምስጋና» የሚል ርዕስ ከሰጣችሁ 30 ልብና አበባ ይመጣላችኋል። ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ስጡ፦ «እርሷን ስታስብ መጀመሪያ የሚታይህ ዕቃ ምንድን ነው?» «ሥዕል አልችልም» ብሎ ሲሸሽ የነበረ አንድ ሰው ለዚህ ጥያቄ የመለሰው የቁልፍ ዘለላ ስሎ ነበር፤ አምስት ቁልፎች፣ አንዱ ጎብጧል፣ ከሣጥኑ ጥግ ተንጋደው ተንጠልጥለዋል። ተቀባይዋ ቁልፏን ሁልጊዜ የምትረሳ ሴት ነበረች። ከሁሉም አስቀድማ የሳቀችው እዚያ ላይ ነው።

ለ30 ቦታ 34 ቁራጭ አከፋፍሉ፤ ሁሉም አይመለስም። የመመለሻውን ቀን ከትክክለኛው አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ይህን ዘዴ ማታለል የሚሉት ሰብስበው የማያውቁ ናቸው። የመጣውን ሥዕል ግን «ላስተካክል» ብላችሁ እንዳትነኩት።

ወለል ላይ ደርድሩና በስልክ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሡ፤ ጠቆር ያሉት አንድ ቦታ ተከማችተው ከሆነ ወዲያው ይታያል። ያማረውን ሁሉ መሀል አታድርጉ፤ ጠርዙም ዓይን የሚያርፍበት ይፈልጋል። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ስፉ። የአንዱን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ አስተኝታችሁ ብትተኩሱ ማዕዘኖቹ ሲገናኙ አይወፍሩም። ስፌቱ የአንድ ሰው ወይም ቢበዛ የሁለት ሰው ሥራ ይሁን፤ አሥር ሰው የሰፋው ጠርዝ አሥር ዓይነት ይጎብጣል።

ከጀርባው ለስላሳ ገበር፣ በመሀል ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል። ሦስቱን ለማያያዝ በየቁራጩ ማዕዘኖችና በየጎኑ አጋማሽ ላይ በወፍራም ክር ሁለት ጊዜ ቋጥሩ፤ ሥዕሉ በመርፌ አይወጋም።

በገበሩ ጥግ ላይ የተቀባዩን ስም፣ ዓመቱንና የአስተጣጠቡን ሁኔታ ጽፋችሁ ስፉ። ማን የትኛውን እንደ ሠራ የሚያሳየው ዝርዝር ግን በታሸገ ፖስታ ይሰጥ፤ ተቀባዩ መጀመሪያ ራሱ ይገምት።