በልዕለ ጀግና የምርመራ ፋን ፊክሽን ውስጥ ስውር ጥቅሻ እንዴት ይቀበራል?

የመርማሪ ታሪክ አንባቢ ሁሉን ጠርጣሪ ነው። የቆመ ሰዓት፣ የተበጠሰ የኮት ቁልፍ፣ የቤት ቁጥር፣ ሁሉም ማስረጃ ይመስለዋል። ከሚወዱት ፊልም፣ ኮሚክ ወይም ቪዲዮ ጌም የወሰዱትን ጥቅሻ፣ ማለትም የሚያውቀው ብቻ የሚለየውን ድብቅ ማስታወሻ፣ እንዲህ ላለው አንባቢ ሲያቀርቡ፣ ወንጀሉን የሚፈታበት ፍንጭ አድርጎ ሊይዘውና መጨረሻው ላይ ተታለልኩ ሊል ይችላል። በፍቅር ታሪክ ወይም በጠፈር ጀብዱ ይህ ጣጣ የለም። በፋን ፊክሽን፣ ማለትም አድናቂው በሚወደው ገጸ ባሕርይ ላይ በሚጽፈው ታሪክ፣ ልዕለ ጀግናው መርማሪ ሲሆን ግን ዋናው ሥራ ጥቅሻውን ከፍንጩ መለየት ነው።

መጀመሪያ ወንጀሉን ይቋጩ

ማን ሠራው፣ ለምን፣ እንዴት፣ ጀግናው በየትኛው ምዕራፍ ምን ያውቃል? ይህ ሳያልቅ አንድም ጥቅሻ አያስገቡ። ከዚያ ሁለት ዝርዝር ያዘጋጁ፤ በአንዱ ፍንጮቹን ከነምዕራፋቸው፣ በሌላው ጥቅሻዎቹን ያስፍሩ። በሁለቱም ላይ የተገኘ ነገር ካለ እሱን ለብቻው ያክብቡት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከጀግናው የራሱ ታሪክ ይቅዱ

ብዙ ጀማሪዎች ሰሞኑን ከወጣ ተወዳጅ ፊልም ይጀምራሉ። እንዲህ ያለው ጥቅሻ ቶሎ ይሻግታል። የጀግናው የኅትመት ታሪክ ግን የማያልቅ ጎተራ ነው። ባትማንን ብንወስድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው የዲቴክቲቭ ኮሚክስ 27ኛ እትም ላይ ነው። 27 የሚል ቁጥር በማኅደር ጀርባ ላይ ወይም በሆቴል ክፍል በር ላይ ቢቀመጥ ማንንም አያደናቅፍም። የባትማን ጠላት የጆከር ፈገግታ በ1928 በወጣ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ከተወነው ከኮንራድ ፋይት ገጽታ ጋር ይያያዛል። የባትማን ከተማ ስም፣ ጎታም የሚለውም፣ አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1807 ለኒው ዮርክ ያወጣው የሽሙጥ ስም ነበር፤ የከተማዋ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ስም፣ አርካም፣ ደግሞ ከአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊው ከኤች ፒ ላቭክራፍት ምናባዊ ከተማ የመጣ ነው። የኮሚኩ ደራሲዎች ራሳቸው ጥቅሻ ቀባሪዎች ስለነበሩ አድናቂው እነሱን ቢከተል የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሁሉም የሚሻለው ትርጉም የተሸከመ ጥቅሻ ነው። ባትማንን ከቦብ ኬን ጋር የፈጠረው ቢል ፊንገር ስሙ ለአሥርት ዓመታት ተዘልሎ ኖሮ በይፋ መጠቀስ የጀመረው በ2015 ነው። በታሪክዎ ውስጥ ስሙ ከፖሊስ መዝገብ የተፋቀ ምስክር ካለ፣ ፊንገር ብለው ይጥሩት። የማያውቀው አንባቢ አንድ ስም አንብቦ ያልፋል፤ የሚያውቀው ግን ስለ ፍትሕ አንድ ተጨማሪ ነገር ያነባል። ሰሙ ብቻውን የማይጥም ቅኔ እንደማይኖር ሁሉ፣ ጥቅሻውን ያልያዘ አንባቢም አረፍተ ነገሩን ሙሉ ሆኖ ሊያገኘው ይገባል።

ቦታ ይምረጡለት

የጎዳና ስም፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ከበስተጀርባ የሚጮኽ ሬዲዮ፣ የአንድ ተራ ገጸ ባሕርይ ሙያ ጥሩ ቦታዎች ናቸው። በካሊፎርኒያ የጥበባት ተቋም የተማሩ አኒሜተሮች የቀድሞ ክፍላቸውን ቁጥር፣ ኤ113ን፣ በፊልሞቻቸው ውስጥ በሰሌዳና በበር ላይ የሚያኖሩት እንዲህ ነው፤ ታሪኩ አንዴም አይቆምለትም። ንግግር ውስጥ ማስገባት ግን አደገኛ ነው። ዝምተኛው ጀግና ድንገት የሌላ ፊልም ዝነኛ አባባል ሲወረውር ከአንባቢው ጋር የሚያወራው ደራሲው መሆኑ ይታወቃል። የሼርሎክ ሆምስን አድራሻ፣ የቤከር ጎዳና 221ቢን፣ ለተጠርጣሪ ቤት መስጠትም እንዲሁ ይቅር፤ በጣም ተበልቷል።

ጥቅሻው ፍንጭ እንዳይመስል ያደብዝዙት

ጥቂት የማይስቱ ዘዴዎች አሉ። ጥቅሻውን ከሁለት ተራ ነገሮች መሃል ያስገቡት፤ ጠረጴዛው ላይ መነጽር፣ 27 የሚል ቁጥር ያለው ቁልፍና ጋዜጣ ካለ ዓይን አይመርጥም። በአንቀጽ ወይም በምዕራፍ መጨረሻ አያስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ከባድ ይመስላል። ከሁሉም በላይ መርማሪው አተኩሮ አይመልከተው። እሱ ጎንበስ ብሎ ያየው ነገር፣ እርስዎ ምንም ቢያስቡ፣ ለአንባቢ ፍንጭ ሆኗል።

አሁን ወዳከበቡት ነገር እንመለስ። ጥቅሻም ፍንጭም መሆን ይቻላል፤ ነገር ግን መፍትሔው ታሪኩ ውስጥ መገኘት አለበት። ደራሲው ሮናልድ ኖክስ በ1929 ባወጣቸው የመርማሪ ታሪክ ደንቦች መሠረት፣ መርማሪው ያገኘው ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢ መታየት አለበት። የሌላ ፊልም እውቀት ከሌለዎት ገዳዩን አያገኙም ማለት ይህን ደንብ መስበር ነው። በ1992 በተጀመረው የባትማን አኒሜሽን ተከታታይ ውስጥ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ክፍል አለ። በአንድ ወቅት በቴሌቪዥን ጀግና ሆኖ ይጫወት የነበረና አሁን የተረሳ ተዋናይ አለ፤ በከተማው የሚደርሱት የፈንጂ ጥቃቶችም የሱን አሮጌ ፊልም ይመስላሉ። የተዋናዩን ድምፅ የሰጠው በ1966ቱ ተከታታይ ራሱ ባትማንን የተጫወተው አዳም ዌስት ነው። ይህን የሚያውቅ ልቡ ይነካል፤ የማያውቅ ሕፃንም አሮጌው ፊልም እዚያው ስለሚታየው ምርመራውን ያለችግር ይከታተላል።

ለተከታታዩ አንድ ክር ይኑር

በየምዕራፉ አንድ ወይም ሁለት ጥቅሻ ይበቃል። ከነዚህ አንዱ በየጊዜው መልኩን እየቀየረ የሚመለስ ቢሆን፣ ለምሳሌ አንድ የቆየ የሬዲዮ ድራማ በየቦታው ቢሰማ፣ ተከታታዩ ይያያዛል። ታሪኩ የ1940ዎቹ ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር አያስገቡ። የዘፈን ግጥም እንዳለ አይገልብጡ፣ የባለቤትነት መብት አለበት።

በሁለት አንባቢ ይፈትኑት

አንዱ ጀግናውን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ሌላው ከነጭራሹ የማያውቅ ይሁን። ለማያውቀው «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁት። «ምን ምን ነገር ጠረጠርክ?» ይበሉት። ከመለሳቸው ነገሮች አንዱ ጥቅሻ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ ወይም ይሰርዙት። የሚያውቀው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ንባብ ካገኛቸው በጣም ግልጽ ናቸው ማለት ነው።

ከለቀቁት በኋላ አያብራሩ። ዋረን ሮቢኔት በ1970ዎቹ መጨረሻ ለቪዲዮ ጌም ድርጅቱ ለአታሪ በሠራው ጌም ውስጥ ስሙን በስውር ክፍል ሲደብቅ ለአለቆቹ እንኳ አልተናገረም፤ አንድ ልጅ ተጫውቶ አገኘውና ለድርጅቱ ጻፈ። አንባቢዎ «ይሄ ከዚያ ፊልም ነው አይደል?» ካለ አዎ ይበሉት፤ ያላገኛቸው ስንት እንደቀሩ ግን አይንገሩት።