ፓርላማ ገብተሃል፤ የወረዳህን ጥያቄ እንዴት ታነሳለህ?

አንቱታውን ለአዳራሹ እናቆየውና እዚህ «አንተ» እያልኩ ልጻፍ። አንቺም ብትሆኚ ነገሩ ያው ነው።

ሚኒስትር አይደለህም። የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢም አይደለህም። ከ547 የምርጫ ክልሎች አንዱን ይዘህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገባህ ተራ አባል ነህ። መራጭህ ይህን ልዩነት አያውቅልህም። አዲስ አበባ ሄደህ ወንበር ላይ ከተቀመጥክ መንገዱም መብራቱም በእጅህ ያለ ይመስለዋል። በእጅህ ያለው ግን ማይክ ነው፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ።

ስለዚህ ንግግር ከማሳመርህ በፊት የጥያቄውን ባለቤት ፈልግ። ወረዳህ ስትወርድ ሰው የቸገረውን ሁሉ ይነግርሃል። የቧንቧው ውኃ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ አስፋልቱ፣ የሚቆራረጠው መብራት። ይህን ሁሉ እንደ ስልቻ ጠቅልለህ አዳራሹ ውስጥ ብትዘረግፈው ሚኒስትሩ ግማሹን «የክልሉ ሥልጣን ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሸኝሃል። እውነቱንም ነው። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው የክልል ናቸው። ዩኒቨርሲቲው፣ ቴሌው፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱና ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ደግሞ የፌዴራል። ደብተርህን ገና እዚያው ስብሰባ ላይ እያለህ ለሁለት ክፈለው፤ የክልሉን ለክልል ምክር ቤት ተመራጩ አስረክብ፣ ማስረከብህንም ለሰዎቹ ንገራቸው። ሁሉንም «አነሳላችኋለሁ» ብለህ የተመለስክ ቀን ለሚቀጥለው ስብሰባ ስድብ እየቀጠርክ ነው።

አንድ በተለይ በር የሚያስት ጥያቄ አለ፦ «ክልላችን የሚገባውን ድርሻ አላገኘም» የሚለው። ለክልሎች የሚሰጠው ድጋፍ ጠቅላላ መጠኑ በበጀት አዋጁ ውስጥ ስላለ አንተም እጅህን አውጥተህ ታጸድቀዋለህ። የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ግን ሌላ ቤት ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ተቀምጧል። ቀመሩ ለምን እንዲህ ሆነ ብለህ የገንዘብ ሚኒስትሩን ብትወጥረው የጎረቤትህን በር እያንኳኳህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው አጻጻፍ እንምጣ፤ ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አቤቱታና ጥያቄ ይለያያሉ። በቴሌቪዥን ደጋግመህ የሰማኸው ዓይነት ይህ ነው፦ «በአካባቢያችን ከፍተኛ የመንገድ ችግር አለ። ሕዝቡ እየተማረረ ነው። መንግሥት በዚህ ላይ ምን እያሰበ ነው?» የዚህ መልስ አስቀድሞ ይታወቃል። መንግሥት እያሰበበት ነው፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው፣ አመሰግናለሁ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም ግን ምንም አልተናገረም።

ያንኑ መንገድ እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦ «የዚህ የ62 ኪሎ ሜትር መንገድ ውል የተፈረመው መቼ ነው? በውሉ መሠረት መጠናቀቅ የነበረበትስ? ለዘንድሮ ከተያዘለት በጀት እስከ ታኅሣሥ 30 ለተቋራጩ የተከፈለው ስንት ብር ነው?» ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኩት፤ አንተ የራስህን ከመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ ታወጣለህ። ልዩነቱ ይታይሃል? «በሂደት ላይ ነው» ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም። ሰውዬው ወይ ቁጥሩን ይናገራል፣ ወይ ቁጥሩን እንደማያውቀው በአዳራሹ ፊት ይታያል።

ሦስት ቁጥር ጠየቅን እንጂ ሦስት ጉዳይ አላነሳንም፤ ይህ ይሰመርበት። አንድ ወዳጄ ስምንት ጥያቄ በወረቀት አስፍሮ በአንድ ትንፋሽ ሲያነብ አይቼዋለሁ። የትኛውም እንዳይቀርበት ፈልጎ ነው። የተመለሰለት አንዱ ብቻ ነው፤ ቀላሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚቀርቡበት ቀን ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ጥያቄዎቹ በተርታ ይቀርቡና መልሱ በአንድ ላይ ረዘም ብሎ ይመጣል። የአንተ ጥያቄ ከሌሎቹ ጋር ተቀይጦ መሃል ላይ ሊሰምጥ ይችላል። ለዚያ ቀን አንድ ብቻ፣ አጭር፣ ብሔራዊ መልክ ያለው ነገር ያዝ። የቀበሌውን መንገድ ለዚያ ቀን አታስቀምጠው።

ብሔራዊ መልክ ስል የወረዳህን ነገር ደብቀው ማለቴ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነ ይናገራል። አንዳንዶች ይህን አንቀጽ «የሰፈርህን ጉዳይ ተው» ብለው ይተረጉሙታል። እኔ በተቃራኒው ነው የማነበው፦ የሰፈርህን ጉዳይ ሌላ ጫፍ ያለው ተመራጭ ራሱን እንዲነቀንቅ አድርገህ ንገረው።

ማዳበሪያን እንውሰድ። አንተ የምታውቀው ወረዳህ ያለውን ገበሬ ነው። ግን ግዥው በፌዴራል ደረጃ የሚፈጸም ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በመኪና ተጉዞ፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ነው ገበሬው ጋ የሚደርሰው። የአንተ ቀበሌ ላይ የዘገየው ምናልባት አምስት ክልል ላይም ዘግይቷል። ከመናገርህ በፊት ሦስት አራት ባልደረቦችህን ጠይቅ። «እኛም ጋ እንዲሁ ነው» ካሉህ ጥያቄህ የወረዳ መሆኑ ቀረ፤ የአገር ሆነ። «እኛ ጋ ደርሷል» ካሉህ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፤ ችግሩ መርከቡ ላይ ሳይሆን አንተው አካባቢ ያለው ሥርጭት ላይ ነው ማለት ነው፣ አዳራሽ ከመድረስህ በፊት በስልክ ሊፈታ ይችላል።

ጊዜውም አለ። በቆሎ የሚዘራው ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ጤፍ ሐምሌ ነው። በሰኔ ተነስቶ «ማዳበሪያ አልደረሰም» ብሎ የሚጮህ ተመራጭ ጭብጨባ ሊያገኝ ይችላል፣ ማዳበሪያ ግን አያገኝም። ጥያቄው የሚሠራው በታኅሣሥና በጥር ነው፦ ስንት ኩንታል ተገዛ፣ የመጀመሪያው መርከብ መቼ ወደብ ይደርሳል፣ ለየክልሉ የሚከፋፈለውስ መቼ ይታወቃል። ያኔ አዳራሹ ውስጥ ማንም ስለ ማዳበሪያ አያስብም፤ አንተ ግን አስብ።

በጀትም እንዲሁ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መሃል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረቂቁ ሰኔ አካባቢ አዳራሽ ሲደርስ አንድ መስመር አስጨምራለሁ ብለህ ከሆነ ዘግይተሃል። ነገሩ የሚበስለው መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን ሲያዘጋጁ ነው። ስለዚህ የዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ የስድስት ወር አፈጻጸም ለቋሚ ኮሚቴ ሲቀርብ፣ እዚያ ተገኝ።

ቋሚ ኮሚቴን አትናቅ። ካሜራ ይቀንሳል፣ ሰውም ይቀንሳል፣ ጠረጴዛውም ጠባብ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዳይሬክተሮቹን አስከትሎ ስለሚመጣ «እሱን አጣርተን» የሚባለውን እዚያው ማጣራት ይቻላል፤ አንዴ ጠይቀህ መልሱ ካላጠገበህ ደግመህ ትጠይቃለህ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርትንም ከእጅህ አትለየው። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት፣ ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ፤ የወረዳህ ፕሮጀክት ያለበት መሥሪያ ቤት ስም እዚያ ካለ ጥያቄህን ግማሽ መንገድ ሠርተውልሃል። ኃላፊው «ገንዘብ የለም» ሲልህ «አምና ያልተጠቀማችሁበትስ?» ትለዋለህ።

አቅምህንም እወቅ። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጭምር ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ እንዲወያይ ማስገደድ ግን የአባላቱን አንድ ሦስተኛ ይፈልጋል። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ቢቆጠር 183 ሰው ነው። ያን ያህል ሰው ሻይ ጋብዘህ አትጨርስም። በተለይ አብላጫው የራስህ ፓርቲ ከሆነ ጠንከር ያለውን ጥያቄ መጀመሪያ ለፓርቲህ ሰዎች ንገራቸው፤ ለማስፈቀድ አይደለም፣ «ከኋላ ወጋን» እንዳይሉህ ነው። ያው አንቀጽ 54 ተገዥነትህ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናህ ነው ይላል። ቢሆንም ነገ አብረሃቸው ቡና ትጠጣለህ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በሰጠኸው ድምፅ ወይም አስተያየት አትከሰስም። ይህ ጥበቃ የተጻፈው ለስብሰባው ነው። በር ላይ ለጋዜጠኛ ያከልካትን፣ ማታ ፌስቡክ ላይ የለጠፍካትን ነገር ይሸፍንልኛል ብለህ አትተማመን። የሰው ስም ጠርተህ «በላ» የምትል ከሆነ በተለይ።

መልስ ካገኘህ በኋላ ያለው ሥራ ደረቅ ነው፤ ጥያቄህን የሚያስመልስልህ ግን ያ ነው። ሚኒስትሩ «በቅርቡ» ካለህ ዕድሉ ካለ እዚያው «በየትኛው ወር?» በል። ወር ከጠራ ቃሉን ከነቀኑ ጻፈው፣ በዚያው ሳምንት በደብዳቤ «በዕለቱ በሰጡት ምላሽ መሠረት» ብለህ ለመሥሪያ ቤቱ ላክ፣ ግልባጩን ለቋሚ ኮሚቴው። ያ ወር ሲደርስ ደብዳቤውን ይዘህ ደውል። ወረዳህ ስትወርድም ቪዲዮህን አታሳያቸው፤ ስትናገር አይተውሃል። የተጻፈልህን መልስ አትመህ ውሰድና ፊታቸው አንብበው፣ መልስ ካልመጣም የላክህበትን ቀን ንገራቸው። መንገዱ ዳር የሚኖር አንድ ሰው ስልኩን ይስጥህ፤ ግሬደሩ የመጣም የቆመም ዕለት እሱ ይደውልልሃል።