ቁርጭምጭሚት ሲጎዳ ምን ማድረግና ማንን ማማከር ይገባል?

በሐዋሳ ከባጃጅ ሲወርድ ወይም ኳስ ሲጫወት እግሩ የታጠፈበት ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወለምታና ስብራት በእብጠትም ሆነ በሕመም ስለሚመሳሰሉ፣ እግሩ ከመታሸቱ በፊት ጉዳቱ መለየት አለበት።

በመጀመሪያ፣ እያነከሱም ቢሆን 4 እርምጃ መራመድ ይችሉ እንደሆነ ይሞክሩ። ቀጥሎ በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩትን አጥንቶች፣ በኋላ ጠርዛቸው በኩል ከጫፋቸው ጀምሮ እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ላይ በጣትዎ ይጫኑ። መራመድ ካቃተዎት ወይም አጥንቱ ሲነካ ካመመዎት ራጅ መነሣት ያስፈልግዎታል። በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሕመም አልተሰማኝም ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ እብጠት ካየ ይታከም።

እግሩ አስቀድሞ በቀርከሃ ታስሮ ከሆነ ጣቶቹን ደጋግመው ይመልከቱ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ በ2 ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹም ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ደም በሚገባ እየደረሳቸው ስላልሆነ ማሰሪያው ወዲያውኑ ተፈቶ ታካሚው ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። ነገ ይሻለዋል በሚል እስኪነጋ በመጠበቅ ብቻ እግር ሊቆረጥ ይችላል፤ ይህን ቤተሰብ ሁሉ እንዲያውቀው አጥብቄ እመክራለሁ።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ጉዳት መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላ ሐኪም ሲሆን፣ ስብራት ካገኘ ወደ አጥንት ስፔሻሊስት ይልካል። የአጥንት ስፔሻሊስት ከ6 እስከ 7 ዓመት ሕክምና ተምሮ ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ፣ በሆስፒታል እየሠራ 4 ወይም 5 ዓመት የሠለጠነ ሐኪም ነው። በእግርና በቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ለማተኮር የሚፈልግ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ገደማ የሚወስድ ተጨማሪ ሥልጠና ይወስዳል። በአሜሪካ ከዚህ የተለየ መንገድም አለ፤ በዚያ ከኮሌጅ በኋላ 4 ዓመት በእግር ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከዚያም 3 ዓመት በሆስፒታል የሚሠለጥኑ የእግር ሐኪሞች አሉ።

ቀዶ ሕክምና ከታዘዘልዎት፣ «ዶክተር፣ የቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና አዘውትረው ይሠራሉ? እኔ ቀዶ ሕክምናውን ባላደርግስ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ የታካሚ መብት ነው። ስፔሻሊስቱ ዘንድ ሲቀርቡም የራጁን ፊልም፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ይዘው ይሂዱ።