ብርሃን የሚያሳልፉ የሚመስሉ ሁለት ካሬዎችን እንዴት መሣል ይቻላል?

በጂኦሜትሪያዊ ረቂቅ ሥዕል አንድ ካሬ የሌላውን ጥግ ሲሸፍን ዓይን ሸፋኙን ከፊት፣ የተሸፈነውን ከኋላ ያስቀምጣል። ይህ ግን ወረቀት በወረቀት ላይ የመለጠፍ ያህል ጥልቀት ብቻ ይሰጣል። ካሬዎቹ እንደ ባለቀለም መስታወት አንዱ በሌላው ውስጥ ሲታይ በመካከላቸው አየር ያለ ይመስላል። ለዚህ ብዬ ለረጅም ጊዜ ቀለሙን በውኃ አቀጥን ነበር፤ ያገኘሁት ግን የደበዘዘና የብሩሹ ዱካ የሚታይበት ገጽ ነው። ምስጢሩ ያለው ለተደረበው ክፍል በሚመረጠው ሦስተኛ ቀለም ላይ ነው።

ነጭ መደብ በተቀባ ሸራ ላይ ሁለት እኩል ካሬዎችን በእርሳስ ያስምሩ፤ ከእያንዳንዳቸው ሩብ ያህሉ ይደራረብ። አንዱ ከተለቀ ቀርቦ ስለሚታይ የቀለሙን ድርሻ መለየት አይቻልም። የተደረበውን ክፍል ባዶ ትተው፣ የአንዱን ካሬ ቀሪ ክፍል ቢጫ፣ የሌላውን ሰማያዊ በአክሪሊክ (በውኃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ይቀቡ።

ከባዱ ሥራ ለተደረበው ክፍል የሚሆነውን አረንጓዴ ከሁለቱ መቀመም ነው። ሁለቱን ቀለሞች እኩል መጠን መቀላቀል መካከለኛውን አይሰጥም፤ ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ ኃይለኛ በመሆኑ ቢጫውን ይውጠዋል። ስለዚህ ከቢጫው ተነሥተው ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። አረንጓዴው ወደ ሰማያዊው ካደላ ከሰማያዊው ጋር ያለው ድንበር ይለሰልሳል፣ ከቢጫው ጋር ያለው ይጎላል፤ በዚህም ሰማያዊው ካሬ ሳይቆራረጥ ስለሚነበብ ከፊት ይሆናል። ወደ ቢጫው ካደላ ተቃራኒው ይሆናል። ልክ መካከል ላይ ከቆመ ግን የትኛውም አይቀድምም፣ ርቀቱም ይጠፋል።

አክሪሊክ ሲደርቅ ጥቂት እንደሚጠቁር አይርሱ። አንድ ጊዜ ቅይጡን ገና እርጥብ ሳለ አመዛዝኜ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ወደ ሰማያዊው ስላደላ ከፊት እንዲሆን ያሰብኩት ቢጫ ካሬ ወደ ኋላ ሄደ፣ ደጋግሜ ሳርመውም ጠርዙ ላይ የቀለም እብጠት ቀረ። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ቅይጦችን በካርቶን ቁራጮች ላይ ቀብተው ያድርቁ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጠው ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱ።

ለጠርዙ የወረቀት ፕላስተር ይጠቀሙ። ሠዓሊው ጆሴፍ አልበርስ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ ሞተበት 1976 በሠራቸው የካሬ ሥዕሎቹ ቀለሙን ከቱቦው አውጥቶ በስፓቱላ (በጠፍጣፋ የቀለም ቢላ) ይቀባ ነበር፤ ለጀማሪ እጅ ግን ይህን አልመክርም። ፕላስተሩን በደረቀው ቀለም ላይ ለጥፈው ጠርዙን አስቀድመው ከሥሩ ባለው በዚያው ቀለም ይቀቡት፤ ሾልኮ የሚገባው እሱ ስለሚሆን አረንጓዴው አይፈስም። አረንጓዴውን ቀብተው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፕላስተሩን በዝግታ ያንሡ።

ከተቻለ ያንኑ ንድፍ በሌላ ሸራ ላይ አረንጓዴውን ወደ ሌላኛው ቀለም አድልተው ይድገሙትና ሁለቱን ጎን ለጎን ይስቀሏቸው፤ አንዲት መስመር ሳትነካ ከፊት የነበረው ካሬ ወደ ኋላ ሄዶ ያገኙታል።