የእንጨት ማሞቂያ ሲያስቸግር ከየት መጀመር ይሻላል?

እንጨት እያነደደ ሞቃት አየር በማራገቢያ ወደ ክፍሎቹ የሚልከው የቤት ማሞቂያ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብረቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የማገዶው ወይም የጭስ ማውጫው ስለሆነ፣ ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

ፍልጡ እየተንጨረጨረ ከጫፉ ውሃ ካወጣ ወይም የበሩ መስታወት ቶሎ ቶሎ ከጠቆረ እንጨቱ እርጥብ ነው። ለማገዶ የሚሆነው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ነው። በእርጥበት መለኪያ ሲለኩ አንዱን ፍልጥ ለሁለት ሰንጥቀው የውስጡን ገጽ ይለኩ፤ ላዩ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያሳስታል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተከምሮና ከላይ ብቻ ተሸፍኖ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት። ጠንካራ እንጨት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጎኑንም በላስቲክ የጠቀለለ ሰው እርጥበቱን አብሮ አሽጎታል።

የማሞቂያው በር ሲከፈት ጭስ ወደ ቤት የሚመለስ ከሆነ በቅርብ ያለውን መስኮት ትንሽ ገርበብ ያድርጉ። ጭሱ ከቆመ ቤቱ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የኩሽና አየር መሳቢያ ከማሞቂያው ጋር እየተሻማ ነው። ካልቆመ ጭስ ማውጫው ቀዝቅዞ ወይም ተደፍኖ ይሆናል። ለቀዘቀዘው፣ ዋናውን እሳት ከማያያዝዎ በፊት አንድ ሁለት ገጽ ጋዜጣ ጨምድደው በማንደጃው ላይኛ ክፍል ማቃጠል ይበቃል። ለተደፈነው፣ ጫፉ ላይ ካለው ወንፊት ይጀምሩ፤ ጥቀርሻ ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው።

የጭስ ማውጫውን ውስጥ በስፋቱ ልክ በተሠራ ብሩሽ ይጥረጉ። የጥቀርሻው ውፍረት 3 ሚሊሜትር ከደረሰ የመጥረጊያው ጊዜ ነው። የሚያብለጨልጭ ሬንጅ የመሰለ ነገር ካዩ ብሩሽ አይነቅለውም፣ ባለሙያ ይጥሩ። ይህ የሚፈጠረው እሳቱ ሌሊቱን እንዲያድር ተብሎ አየሩ ሲታፈን ነው፤ ጭሱ ሳይቃጠል ወጥቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይጠነክራል፣ አንድ ቀን ደግሞ ራሱ ይቀጣጠላል። ከጭስ ማውጫው እንደ ንፋስ የሚያጓራ ድምፅ ከሰሙ በሩንና አየር ማስገቢያውን ዘግተው ሁሉንም ከቤት ያስወጡ፣ እሳት አደጋ ይጥሩ። ውሃ አይርጩበት።

በተቃራኒው አየር ማስገቢያው ተዘግቶም እሳቱ የሚንቦገቦግ ከሆነ የበሩ ማሸጊያ ገመድ አልቋል። ማሞቂያው ቀዝቅዞ ሳለ ወረቀት አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለምንም መያዝ ከወጣ ገመዱን ይቀይሩ። አዲሱ ውፍረቱ ከአሮጌው እኩል ይሁን፣ ማጣበቂያውም ሙቀት የሚችል።

እሳቱ ደህና ሆኖ ክፍሎቹ ካልሞቁ የማራገቢያውን ማጣሪያ አውጥተው ይዩ፤ በአቧራ ከተዘጋ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። መብራት በጠፋ ጊዜ ማራገቢያው ስለሚቆም ማንደጃውን አይሙሉት።

ከሞቃት አየር መውጫዎቹ የጭስ ሽታ ከመጣ ግን የሙቀት ማስተላለፊያው ብረት (ጭሱን ወደ ክፍሎቹ ከሚሄደው አየር የሚለየው) ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ይህ በቤት ውስጥ የሚጠገን አይደለም፦ መስኮት ይክፈቱ፣ ከቤት ይውጡ፣ ባለሙያ እስኪያየውም ማገዶ አይጨምሩ። ከጭሱ ጋር የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ መኝታ ክፍል አጠገብ የሚተከለው ለዚህ ነው፤ ጋዙ ራሱ ሽታ የለውምና።