የማይገጥም የካርቶን ቆጠራ፦ እኛ ጋ የሠራው ዘዴ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት ዕቃ ተረካቢ ነኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል አይሱዙው አራግፎ በሄደ ቁጥር ቆጠራው አልገጥም አለኝ። ደረሰኙ 200 ካርቶን ፓስታ ይላል፣ ማታ መጋዘን ስንቆጥር 197።

መጀመሪያ በር ላይ ቆሜ በየካርቶኑ ወረቀት ላይ ጭረት አደረግኩ። አልሆነም። አውራጆቹ ሁለት ሁለት ተሸክመው እየተከታተሉ ስለሚገቡ መሃል ላይ ስልክ ከጮኸ በቃ፣ ቁጥሩ ይጠፋል። ከዚያ ሁለት ሰው አቆምን። ሁለት የተለያየ ቁጥር ወጣ።

የሠራው ይሄ ነው። መኪናው ኋላ ላይ የእንጨት ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮበት የሚገፋ ጠፍጣፋ ርብራብ) አስቀመጥን፤ በአንድ ድርድር 10 ካርቶን፣ ወደ ላይ 5 ድርድር። የሞላ ፓሌት 50 ነው፣ ሳይሞላ ወደ ውስጥ አይገፋም። መሃሉ ባዶ እንዳይቀር እያንዳንዱ ድርድር ሲደረደር ቆሜ አያለሁ፣ ይሄን እንዳትዘሉት።

ሌላው፣ ቆጣሪው ደረሰኙን ቀድሞ አያይም። 200 መሆኑን ካወቀ ዓይኑም 200 ማየት ይፈልጋል። ቁጥሩን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ እናስተያያለን፤ ጎደሎ ካለ ሹፌሩ ሳይሄድ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ሁለታችንም እንፈርማለን።